ስለ ጎማ ዛፍሽና ስለ እማዬ ግድግዳ

ይድረስ ለማትጠገቢው እህቴ፣ ባለሽበት ሁሉ ደህንነት አይለይሽ።

እንደምን ሰነበትሽ? ሰነበትሽ ማለቱስ አይበቃም፤ እንደምን ከረምሽ ልበል እንጂ። ባለቤትሽ እንደምን አለ? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቱን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹንስ ያ ሳል ለቀቀው ወይ? አንቺስ ወገብሽ እንዴት ነው? በዚያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እየተኮስሽ ወገቤ ደህና ነው ብትዪኝ አላምንሽም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሲያምሽ "ደህና ነኝ" ማለት ልማድሽ ነው፤ ከእማዬ የወረስሽው ነው። እኛ አለን። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትቆጣለች፤ ሦስቱን እስካላቋረጠች ድረስ ደህና ናት ማለት ነው። እኔም ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ የሰው ፀጉር ስቆርጥ የራሴ እያለቀ ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። አንቺ ከሥራ መልስ ደክሞሽ ትደውያለሽ፤ እኔ የሰው ጭንቅላት በእጄ ይዤ አነሳለሁ። ደህና ናችሁ ትያለሽ፤ ደህና ነን እላለሁ። እማዬስ ስትይ ደህና ናት እላለሁ። ከዚያ መስመሩ ይንጫጫና ይቆረጣል። ስልክ ለሰላምታ እንጂ ለቁም ነገር አልተሠራም። ወረቀት ግን አይቸኩልም፤ ተቀምጦ ይሰማል። ዛሬ ደንበኛ ስለጠፋ ሱቁን ገርበብ አድርጌ፣ እዚሁ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሆኜ እጽፍልሻለሁ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። የጎማ ዛፍሽ ተቆርጧል። ያስቆረጥኩትም እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ስትደርሺ ወረቀቱን አጥፈሽ ማስቀመጥ እንደሚያምርሽ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል ብዬ ነው።

ያን ዛፍ ከጓደኛሽ ቤት በወተት ጣሳ ይዘሽው ስትመጪ ከጉልበትሽ አያልፍም ነበር። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልሽ፣ ፀሐይ መታው አልመታው እያልሽ ጣሳውን ከመስኮት ወደ መስኮት ስታዞሪው፣ ልጅ ያቀፍሽ ነበር የምትመስዪው። ልትሄጂ ሻንጣሽን ስታስሪ ጣሳው ጠቦት ሥሩ በቀዳዳው መውጣት ጀምሮ ነበርና፣ ከእማዬ መስኮት ሥር ቆፍረሽ ተከልሽው። ከግድግዳው አንድ ክንድ እንኳ አላራቅሽውም። ማንኛችንም ራቅ አድርጊው አላልንሽም። በወተት ጣሳ የመጣ ነገር ጣራ ይበልጣል ብሎ ማን ያስባል?

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እማዬ ዛፉን በአንቺ የቤት ስም ሚጣ እያለች ትጠራው ጀመር። ሚጣ ውሃ ጠጣች ወይ? ሚጣን ዛሬ ንፋስ ሲያንገላታት አደረ። ሚጣ አዲስ ቅጠል አወጣች። አዲስ ደንበኛ ሱቅ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ጓዳ ውስጥ አንዲት የታመመች ልጅ ያለች እየመሰለው ድምፁን ዝቅ ያደርግልኝ ነበር። እኔም አላስረዳውም። ቤት ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ መባሉ ለእኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ዛፉ ግን አደገ አይገልጸውም፤ ወፈረ፣ ሰፋ፣ ቤቱን አቀፈው። ያ ሰፊ ቅጠሉ፣ ዘይት የተቀባ የሚመስለው፣ መስኮቱን ሸፈነና የእማዬ ክፍል በቀትር መብራት የሚበራበት ሆነ። አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፤ እኔ መሰላል ይዤ እወጣለሁ። ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። ከላይ ያለው ይታያል፤ ይጠረጋል። ከታች ያለውን ነው ያላየነው።

መጀመሪያ ነገሩን ያወቀችው እማዬ ናት። አልጋዬ አዘነበለ አለችኝ። እርጅና ነው፤ ራስሽን እያዞረሽ ነው አልኳት። የለም፣ ራሴን መቼ እንደሚያዞረኝና አልጋዬ መቼ እንደሚያዘነብል ለይቼ አውቃለሁ ብላ ተቆጣች። አልጋውን ገለጥ አድርጌ ባይ፣ ሊሾው ከግድግዳው ጥግ ጀምሮ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ከዚያ ጥግ ተነስቶ ወደ መስኮቱ የሚወጣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። እኔም ልስን ገዝቼ ደፈንኩት። ዝናብ ሳይመጣ በሌላ በኩል ተከፈተ። እንደገና ደፈንኩት። ሁለተኛ ሲከፈት ጣቴ ገባ።

በዚህ መሐል ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር መጡ። ታስታውሻቸዋለሽ፤ ያ ትልቅ አውቶቡስ ይነዱ የነበሩት፤ አሁንም ወንበር ላይ ሲቀመጡ መሪ የጨበጡ የሚመስሉት። የመታጠቢያ ቤታቸው ፍሳሽ ወደ ኋላ እየመለሰ ቤታቸውን አጥለቅልቆባቸው ቱቦውን አስቆፍረው ነበር። ከውስጡ የወጣውን ይዘውልኝ መጡ፤ የሽማግሌ ጢም የሚመስል የሥር ጉንጉን። በሙያዬ ብዙ ጢም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የእናንተ ዛፍ ነው አሉኝ። እኔም ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሥር ላይ ስም አይጻፍም አልኳቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቀድሞ ያልጠመዘዘ ሹፌር ገደሉን ካየ በኋላ መሪ ቢያዞር ዋጋ የለውም አሉ። ተቀያየምን። ከዚያ ወዲያ በር ላይ ስንገናኝ እሳቸው ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ መሬት እያየን እንተላለፍ ነበር። ከእሳቸው ሌላ ጎረቤት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።

ቢሆንም ንግግራቸው አላስተኛኝምና ግንበኛ ጠራሁ። ሰውዬው ቱንቢውን ከመስኮቱ ላይ ሲያንጠለጥል ግድግዳው ወደ ውጭ ማዘንበሉን እኔም አየሁት። ከዚያ በውጭ በኩል መሠረቱን ቆፈረ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ እንዳይ ጠራኝ። እህቴ፣ ጭን የሚያህል ሥር ከድንጋዩ ሥር ትራስ መስሎ ተጋድሟል። ቀጫጭኑ ደግሞ በድንጋዩ መሐል እየገባ እንደ ጣት ፈልቅቆታል። ግንበኛው ብዙ አላወራም። ክረምት ሲገባ መሬቱ ይርሳል፣ ግድግዳው ይከብዳል፤ ከዚህ በኋላ ወይ ዛፉ ነው ወይ ግድግዳው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታኖራቸውም አለኝ። እስከዚያው ግን እናትህን ከዚህ ክፍል አውጣት አለኝ።

እዚህ ላይ ነው አንቺን ያማከርኩሽ። ትዝ ይልሻል? የመኪና ድምፅ እየተሰማ፣ አንቺ አውቶቡስ እየጠበቅሽ ነበር። ስለ ስንጥቁ ገና ስጀምርልሽ አቋረጥሽኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልሽኝ፤

"የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ዛፉን ብቻ አትንኩብኝ። እዚያ ቤት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።"

ከዚያ አውቶቡስሽ መጣ። እሺ አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያቺ ቃል እንደ ፀጉር ቁራጭ ሸሚዜ ውስጥ ገብታ ስትበላኝ ከረመች። እዚያ ቤት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እማዬስ? እኔስ? ክፉ አስበሽ እንዳልተናገርሽው አውቃለሁ። ሰው ከራቀ የማይናገር ነገር መውደድ ይቀለዋል፤ ዛፍ አያረጅም፣ አይከፋውም፣ ለምን አልደወልሽም አይልም። ግን ልደብቅሽ አልችልም፣ ከፍቶኛል። ቀኑን ሙሉ ሰው መሐል ነኝ፤ ሁሉም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ አለቃው ያወራኛል። ሲመሽ የወደቀውን ፀጉር እጠርጋለሁ፣ መዝጊያውን አወርዳለሁ፣ እማዬን አበላለሁ፣ እሷ ትተኛለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ የራሴ ማንኪያ ሳህኑን ሲነካ ነው። የዛሬው ወሬ የእነሱ ሆኖ የእኔ አንድም እንደሌለበት የማውቀው ያን ጊዜ ነው።

እማዬን ወደ ሱቁ ክፍል ላምጣት ብል እምቢ አለች። እኔ ከዚህ ክፍል በእግሬ አልወጣም አለችኝ። ሚጣ ስትመጣ መስኮቴን ነው የምታውቀው፤ እዚያ ብታጣኝ የሞትኩ ይመስላታል አለች። ከአንዲት አሮጊት ጋር በጉልበት አይታገሉም። የማደርገው ቢጠፋኝ አልጋዋን ከተሰነጠቀው ግድግዳ አንስቼ ወዲያ ማዶ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ጥግ ወሰድኩት። ቅጠሉ አይሰማኝም ብላ አኮረፈችኝ። ግድግዳውን ከውጭ በእንጨት ደገፍኩት። ዛፉን አልነካሁም፤ እሺ ብዬሻለሁና።

ያለፈው ክረምት ቀልድ አላወቀም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣ አንድ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ ግማሽ ጭንቅላቱን በቶንዶዝ አንስቼለታለሁ። አሸዋ የጫነ መኪና ሲገለብጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። መሬቱ በእግሬ ሥር ነዘረኝ። መስታወቱ ውስጥ የደንበኛውን ዓይን ነው ያየሁት። ሮጥኩ።

የእማዬ በር አልከፈት አለ። መቃኑ ተጣሞ ነክሶታል። በትከሻዬ ብመታው፣ በእግሬ ብመታው ወይ ፍንክች። እማዬ እላለሁ፣ ዝናቡ ድምፄን ይውጠዋል። ደንበኛው ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ መጥቶ አብሮኝ ይገፋል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እሱ እንደነገረኝ ስምሽን ነበር የምጠራው።

ከውስጥ የወንድ ድምፅ ተሰማ። ጡረተኛው ሹፌር ናቸው። የግድግዳውን መፍረስ ሰምተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዝናብ፣ አጥሩን ተሻግረው፣ በፈረሰው ግድግዳ በኩል ገብተዋል። ግድግዳው ከመስኮቱ ሥር እስከ ጥጉ ድረስ ወደ ውጭ ተዘርግፏል፤ ጣራው በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል። ወደ ውስጥ የወደቀው ድንጋይና ብሎኬት የእማዬ አልጋ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ላይ ተከምሯል። እማዬ ማዶ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቅንድቧ እንኳ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነጭ ሆኗል። በዚያ ሞራ በሸፈነው ዓይኗ ያየችው ነገር የለም፤ ብርዱ ብቻ ነው የተሰማት።

"ማነው በሩን ያለ ወጉ የከፈተው?" አለች።

ሹፌሩ ብድግ ሲያደርጓት ማነህ አንተ አለቻቸው። ጎረቤትዎ ነኝ አሉ። የተጣላኸን ነህ ስትል፣ አዎ እሱ ነኝ አሏት። በል እንግዲህ ቀስ አድርገህ ያዘኝ፣ ወገቤን ያመኛል አለቻቸው። በዙሪያ መንገድ፣ በዝናቡ ውስጥ አቅፈው በፊት ለፊት በር ይዘዋት ሲገቡ ትንፋሽ አጥሯቸው ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ሱቁ ውስጥ አስቀመጥናት። በተገኘው ደረቅ ፎጣ ሁሉ ጠቀለልናት። ሹፌሩን ምን ብዬ ላመስግናቸው? እጃቸውን ይዤ ከጎኗ አስቀመጥኳቸው። ደንበኛው ሁሉም ነገር ሲረጋጋ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ እንዲህ ሆኜ ቤቴ ብገባ ሚስቴ አታስገባኝም፣ ቀጥልልኝ አለኝ። ቶንዶዙን ለመያዝ ራሴን አላመንኩትም፤ በመቀስ ጨረስኩለት። እማዬ ከፎጣዋ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ያኔ ወደ ጓዳ ገባሁና ብቻዬን አለቀስኩ። ከሰው ፊት ማልቀስ አልችልበትም፤ ታውቂኛለሽ።

በማግሥቱ ልደውልልሽ ቁጥርሽን አውጥቼ ተመልሼ ዘጋሁት። ፈቃድ ልጠይቅሽ አልፈለግሁም። እንዳትከለክዪኝም፣ እሺ ብለሽ ደግሞ እንዳታለቅሺም ብዬ ነው። ዛፍ ቆራጭ ጠራሁ። ለእማዬ ግን ሳልነግራት መቁረጥ ነውር መሰለኝ። ወረፋ የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ስሙን ላለመጥራት ስሸሽ፣ "ዛፉን" አልኳት፣ "ዛፉን ልናስቆርጠው ነው እማዬ።" እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፤

"እሱ እኮ ዛፍ ነው። ሚጣ እዚያ እንደሌለች የማላውቅ መስሎህ ነው? ስሟን በቀን አንዴ እንኳ ካልጠራሁት አፌ ይረሳዋል ብዬ ነው።"

ስንት ዓመት ሙሉ የጃጀች መስሎኝ ስስቅባት ኖሬአለሁ። ይህን ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ዛፉ በአንድ ጊዜ አልወደቀም። ቆራጩ በገመድ እየታሰረ ከላይ ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እያወረደው፣ ጣራ ላይ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ ቆረጠው። በተቆረጠ ቁጥር ነጭ ወተት ያንጠባጥባል፤ እጅ ላይ ሲነካ አይለቅም። ሹፌሩ መጥተው ግቢው መሐል ቆመው፣ ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያሉ፣ አውቶቡስ የሚያስገቡ ይመስል ሥራውን መሩት። ቆራጩም አንድ ጊዜ አባባ ለመሳፈሪያ ትኬት ልቁረጥ ወይ ብሎ ጠይቋቸው ሁላችንም ሳቅን። ግንዱ ከቆመበት ሲጋደም ግን ማንም አልሳቀም። ሰማዩ ድንገት ወርዶ ግቢው ውስጥ የገባ መሰለኝ። ግንበኛው ሥሩን ከመሠረቱ ሥር እየቆፈረ አወጣው፤ የማይወጣውን ቆረጠው። ሲበሰብስ መሬቱ እንዳይሰረጉድ ጉድጓዱን በድንጋይና በአሸዋ ሞላው። የሹፌሩም ቱቦ ተቀየረ። ከዚያ ግድግዳው በአዲስ መሠረት ላይ ተገነባ። የበፊቱ መስኮት ጠባብ ነበርና ሰፋ ተደርጎ ተሠራ፤ የሹፌሩ ሐሳብ ነው። የአውቶቡስ የፊት መስታወት የለመደ ሰው ጠባብ መስኮት ያፍነዋል አሉ።

ሥራው እስኪያልቅ እማዬ ሱቅ ውስጥ ነው የኖረችው። ከአንዱ ደንበኛ የሚስቱን ዓመል፣ ከሌላው የልጁን ነገር እየሰማች ትመክራለች። ቀን ቀን ሹፌሩ መጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። እሷ እንደገና ትጣላን ይሆን ስትል እሳቸው ቱቦው ከተደፈነ እንጃ ይላሉ። ቤቱ ሞላ ብትዪኝ አልዋሽሽም፤ ሲመሽ ሁሉም ይሄዳል፣ እማዬም ትተኛለች፣ ያው ማንኪያዬና እኔ እንቀራለን። ቢሆንም ቀኑ ትንሽ አጥሯል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ግድግዳው ደርቆ እማዬ ወደ ክፍሏ በተመለሰች ማግሥት ጠዋት ቁርሷን ይዤ ገባሁ። ፀሐይዋ በአዲሱ መስኮት ሙሉ ገብታ አልጋዋ ላይ ወድቃለች። ዓይኗን ሞራ እንደሸፈነው ታውቂያለሽ። እኛ ጨርሶ የጠፋ መስሎን ነበር፤ ለካ ግማሹ የሞራው፣ ግማሹ የክፍሉ ጨለማ ኖሯል። ጎንበስ ብዬ ሳህኑን ሳስቀምጥ እጄን ያዘችኝ። ፊቴን ወደ ብርሃኑ በሁለት እጇ አዞረችው። እኔ የሰው ፊት ይዤ ወደ መስታወት እንደማዞረው ማለት ነው። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

"አንተ ልጅ" አለችኝ፣ "መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?"

ሳቅሁ። እየሳቅሁ ሱቅ ሄድኩና መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ እዚያ መስታወት ፊት ነው የምውለው፤ ግን ወንበሩ ላይ ያለውን እንጂ ከኋላ የቆመውን አይቼው አላውቅም። እውነቷን ነው። አርጅቻለሁ። ጉንጬ ወርዷል፣ ከዓይኔ ሥር ቆዳው ተንጠልጥሏል። ይህን እስክትነግረኝ ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ማን አይቶኝ ይነግረኛል?

ተመልሼ ስገባ እማዬ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀምጣለች።

"ሚጣስ?" አለችኝ። "እሷም አርጅታለች?"

አላውቅም እማዬ አልኳት።

እህቴ፣ የማውቀው ሻንጣ ይዛ የወጣችውን ልጅ ነው። በስልክ ድምፅሽን ሰምቼ ፊትሽን ልገምት ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ፎቶ ላኪ አልልሽም። የላክሽውን ሁሉ በመስኮቱ አጠገብ ይዤላት ሞክረናል፤ ትንሽ ፊት አይለይላትም፣ ወረቀቱን እየዳሰሰች ትመልስልኛለች። በክንድ ርቀት የቆመ ሰው ግን፣ ጠዋት፣ ፀሐይ በዚያ በኩል ስትገባ፣ ይታያታል። ዓይኗ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይላት ያረጋገጠልኝ የለም። ሞራው ቆሞ አይጠብቅም።

ዛፉን ስለቆረጥኩ ተቀየሚኝ፤ መብትሽ ነው። ግን ተቀይመሽም ቢሆን ነይ። ሥራሽ እንደማይለቅሽ፣ መንገዱ እንደማይቀል፣ ልጆቹን ጥሎ መምጣት እንደሚከብድ አላጣሁትም። ዓመት በዓመት ሳልጠይቅሽ የኖርኩትም ይህን እያሰብኩ ነው። ዛሬ ግን ጠየቅሁሽ። መጥተሽ እዚያ መስኮት ፊት ቁሚላት፤ ፊትሽን ይዛ ወደ ብርሃኑ ታዙረውና ያረጀሽ መሆን አለመሆንሽን እሷ ትፍረድ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ከተረፈሽ፣ እኔንም እዪኝ።

ለባለቤትሽ የአማቹን ሰላምታ አድርሺልኝ፤ ባንተያይም ፀጉሩን የሚያበላሽበት ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ በይው። ለትልቋ ልጅሽ፣ አጎትሽ ትምህርትሽን በርቺ ብሎሻል፣ አያትሽም ስምሽን በየቀኑ ታነሳለች በያት። ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ለሳሉ ደረቱን ከብርድ ጠብቂለት። እማዬ ከአልጋዋ ሆና፣ አንገቷን ሳምኳት በላት ብላለች። ጡረተኛው ሹፌርም ሰላም ብለዋል፤ ከመንገድ የደከመ ሰው ቢመጣ ሻንጣ ተሸካሚው እኔ ነኝ፣ ጉልበቴ በክረምቱ ተፈትኗል ብለዋል።

አንቺም ወገብሽን ጠብቂ፤ ሲያምሽ አመመኝ በይ።

ፀጉር አስተካካዩ ወንድምሽ

ከእናታችን ቤት፣ ከፊት ለፊቱ ክፍል
ጥቅምት ፲፱ ቀን